በልዳዶስ የተናገረው ጥቅስ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይጠፋል)

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ስብከት ነው፤ አንድ ሰባኪ የመጽሐፍ ቅዱስን ክፍል ይዞ በምእመናን ፊት ሲቆም ስለሚገጥመው የትርጓሜ ችግር። መጽሐፍ ቅዱስ በአጠገባችሁ ካለ መጽሐፈ ኢዮብ ምዕራፍ 8ን ግለጡልኝ። መኪና እየነዳችሁ የምታዳምጡን ግን እጃችሁን ከመሪው አታንሡ፤ የሚያስፈልገውን እኔ እነግራችኋለሁ።

ምዕራፍ 8 ቁጥር 7 ላይ ያለውን ቃል አብዛኞቻችሁ መጽሐፉን ሳትገልጡም ታውቁታላችሁ። ጅማሬው ያነሰ ሰው ፍጻሜው እንደሚበዛ የሚናገረው ነው። አዲስ በተከፈተ ሱቅ ግድግዳ ላይ፣ በታክሲ መስታወት ላይ፣ በምርቃት ካርድ ላይ ተጽፎ አይተነዋል። ማኅበር ሲመሠረት፣ የቤተ ክርስቲያን የመሠረት ድንጋይ ሲቀመጥ ሰባኪው ብዙ ጊዜ የሚጠቅሰው ይህንኑ ነው። ገና ሲጀምረው ሕዝቡ ተቀብሎ ይጨርስለታል። እንግዲህ ጥያቄዬ፣ ይህን ቃል የተናገረው ማን ነው?

እግዚአብሔር አይደለም። ኢዮብም አይደለም። የተናገረው ሹሐዊው በልዳዶስ ነው፤ ሊያጽናኑ መጥተው ቁስል ከነካኩት ከሦስቱ የኢዮብ ወዳጆች አንዱ።

የተናገረበትን ሁኔታ እናስታውስ። የኢዮብ 7 ወንዶችና 3 ሴቶች ልጆች በታላቅ ወንድማቸው ቤት ለግብዣ እንደተሰበሰቡ ዐውሎ ነፋስ ቤቱን ጥሎባቸው በአንድ ቀን ሞተዋል። ሀብቱ ጠፍቷል። ገላው ቆስሎ አመድ ላይ ተቀምጧል። ሦስቱ ወዳጆቹ ወሬውን ሰምተው መጡ፤ 7 ቀንና 7 ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ። ለቅሶ መድረስን ለሚያውቅ የእኛ ሰው እስከዚህ ድረስ ያደረጉት ሁሉ የሚያስመሰግን ነው። ችግሩ የመጣው መናገር ሲጀምሩ ነው።

በልዳዶስ ተራው ሲደርስ ቁጥር 4 ላይ ምን እንደሚል ተመልከቱ። ልጆችህ በድለው ይሆናል፣ እግዚአብሔርም የእጃቸውን ሰጥቷቸው ይሆናል የሚል ሐሳብ ነው፣ ትናንት ልጆቹን ለቀበረ አባት የሚያቀርብለት። ከዚያ፣ አንተ ራስህ ንጹሕ ከሆንክ ግን እግዚአብሔር ይነሣልሃል ይለዋል። ቁጥር 7 የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እንግዲህ ቃሉ ከበልዳዶስ አፍ ሲወጣ ምርቃት አልነበረም። በጥርጣሬ የታጠረ፣ የሙታኑንም ስም የሚያነሣ የክስ ንግግር አንድ ክፍል ነበር።

እግዚአብሔርስ ምን ፈረደ? ምዕራፍ 42 ቁጥር 7 ላይ ነው ፍርዱ። ለቴማናዊው ኤልፋዝ፣ በእርሱና በሁለት ባልንጀሮቹ መቈጣቱን፣ ስለ እግዚአብሔርም እንደ ኢዮብ ቅን ነገር እንዳልተናገሩ ይነግረዋል። 7 ወይፈንና 7 አውራ በግ ይዘው ወደ ኢዮብ እንዲሄዱ፣ ኢዮብም እንዲጸልይላቸው ያዛል።

ታዲያ ሰባኪው ይህን ጥቅስ እርግፍ አድርጎ ይተወው? እዚህ ድረስ ያነበበ ሰው ብዙ ጊዜ፣ የበልዳዶስ ቃል ስለሆነ አይጠቀስም ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። መጽሐፈ ኢዮብ እንዲህ በቀላሉ የሚያሰናብት መጽሐፍ አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 3፥19 ላይ መጽሐፍ እንዲህ ይላል ብሎ የጠቀሰው ኢዮብ 5፥13ን ነው፤ ይህ ቁጥር ደግሞ የኤልፋዝ ንግግር ነው። ከተገሠጹት ከሦስቱ የአንዱን ቃል ሐዋርያው እውነት ብሎ ተቀብሎታል ማለት ነው።

ከዚህም አልፋችሁ የመጽሐፉን መጨረሻ ተመልከቱ። በመጀመሪያ 7,000 የነበሩት በጎች 14,000 ሆነዋል። 3,000 ግመሎች 6,000፣ 500 ጥማድ በሬ 1,000 ጥማድ፣ 500 አህያም 1,000 ሆነዋል። ጸሐፊው ራሱ የኢዮብ ፍጻሜ ከጅማሬው ይልቅ መባረኩን ይመሰክራል። በልዳዶስ የተናገረው ደረሰ! የደረሰው ግን በልዳዶስ ባሰበው መንገድ አይደለም። በልዳዶስ ሲሟገት የነበረው፣ መከራ የበደል ዋጋ ነውና ንጹሕ የሆነ ሰው ሀብቱ ይመለሳል ብሎ ነው። ኢዮብ ግን ያን መከራ የሚያመጣ በደል አልነበረበትም፤ ምርኮው የተመለሰለትም ለእነዚያው ለከሰሱት ወዳጆቹ በጸለየ ጊዜ ነው። ልጆቹን ደግሞ ቍጠሩ። እንደ ከብቱ እጥፍ አልሆኑም፤ እንደገና 7 ወንዶችና 3 ሴቶች ናቸው። የሞቱት በእግዚአብሔር ዘንድ ጠፍተው አልቀሩምና ከእነርሱ ጋር ሲቆጠሩ እጥፍ ይሆናሉ ያሉ መተርጕማን አሉ። ልጅ የቀበረች እናት በተቀመጠችበት ጉባኤ ኢዮብን የሚሰብክ ሰው ይህን ቁጥር ዘሎት ባያልፍ ጥሩ ነው።

ስለዚህ ከኢዮብ 8፥7 መስበክ ይቻላል። ነገር ግን ከምዕራፍ 8 ተነሥቶ ምዕራፍ 42 ሳይደርስ አሜን የሚያስብል ሰባኪ፣ ሳያውቀው የበልዳዶስን ስብከት እየደገመ ነው። ውጤቱም ዋል አደር ብሎ ይታያል። ያ አዲስ የተከፈተው ሱቅ በዓመቱ ሲዘጋ ባለቤቱ ምን ብሎ እንደሚያስብ ገምቱ። ጥቅሱ እውነት ከሆነ እኔ ንጹሕ አይደለሁም ማለት ነው ይላል። በልዳዶስም የፈለገው ኢዮብ እንዲህ እንዲል ነበር።

(አጭር ሙዚቃ)

ከባድ የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ሲባል ቶሎ የሚታወሰን ራእየ ዮሐንስ ነው፤ የዳንኤል አራዊት፣ የሕዝቅኤል መንኰራኵር ነው። እውነት ነው ከባድ ናቸው። ነገር ግን ሰባኪውን ያስፈሩታል፤ የፈራ ሰው ደግሞ ይጠይቃል፣ መጽሐፍ ያገላብጣል፣ ካልሆነለትም ይተወዋል። በእኔ አስተያየት ሰባኪን ይበልጥ የሚጥለው ሕዝቡ በቃሉ የሚያውቀው ጥቅስ ነው። እርሱን ለማጥናት የሚቀመጥ የለም፤ ትርጉሙ ከመነበቡ በፊት በሰሚው ልብ ተቀምጧል። ሰባኪው ሌላ ነገር ቢናገር እንኳ ሰሚው የለመደውን ይሰማል።

ጥቅሱን ከተናጋሪው መነጠል እንዲህ የቀለለበት አንዱ ምክንያት ቁጥሩ ነው። ኢሳይያስ ሲናገር፣ ጳውሎስ ሲጽፍ ምዕራፍና ቁጥር የሚባል አልነበረም። ዛሬ የምንጠቀምበትን የምዕራፍ አከፋፈል በ13ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አወጣው የሚባለው ኋላ የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ የሆነው እንግሊዛዊው ስቲቨን ላንግተን ነው። አዲስ ኪዳንን በቁጥር ከፋፍሎ ያሳተመው ደግሞ ሮቤር ኤስቲየን የተባለ ፈረንሳዊ አታሚ ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1551 ነው። ሥራቸው ትልቅ ጥቅም አለው፤ እኔም አሁን ምዕራፍ ይህን፣ ቁጥር ያን ግለጡ እያልኩ ነው። ሆኖም ቁጥር የተሰጠው ዐረፍተ ነገር ሁሉ ለብቻው የቆመ ሕግ ይመስላል። በክርክር መካከል የተነገረ ቃል፣ በደብዳቤ መካከል የተጻፈ ሰላምታ፣ በቁጣ የወጣ ለቅሶ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት መልክ ይይዛል።

አሁን ደግሞ ስልክ መጥቷል። ሰባኪው ቅዳሜ ማታ በስልኩ በረከት ብሎ ይፈልግና ቃሉ ያለበት ቁጥር ሁሉ ተሰልፎ ይመጣለታል። የተናገረው ያዕቆብ ይሁን በለዓም፣ ሰይጣን ይሁን መልአክ በዝርዝሩ ላይ አይታይም። በነገራችን ላይ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ሰይጣንም ጌታችንን የፈተነው ከመዝሙረ ዳዊት ጠቅሶ ነው፤ ጥቅሱም የተሳሳተ ጥቅስ አልነበረም።

ማን ተናገረ፣ ስለ ማን ተናገረ የሚለውን ጥያቄ በአዲስ ኪዳን ውስጥ ጥርት አድርጎ ያነሣው ከእኛ ወገን የሚቆጠር ሰው ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የኢትዮጵያ ንግሥት የህንደኬ ጃንደረባ በሠረገላው ተቀምጦ ትንቢተ ኢሳይያስ 53ን ያነባል። ፊልጶስ ቀርቦ የምታነበውን ታስተውላለህ ወይ ሲለው፣ የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ይቻለኛል የሚል መልስ ይሰጣል። ይህን ሁላችንም እናነሣለን። ከዚያ በኋላ የጠየቀውን ግን እምብዛም አናነሣም። ነቢዩ ይህን የሚናገረው ስለ ራሱ ነው ወይስ ስለ ሌላ ሰው ብሎ ነው የጠየቀው። ለእኔ ምን ይሰጠኛል ብሎ አልጀመረም። የንግግሩን ባለቤት ፈለገ። ፊልጶስም ከዚያው ከጠየቀበት ክፍል ተነሥቶ ነው ወንጌልን የሰበከለት።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ኤርምያስ እንሂድ፤ ምዕራፍ 29 ቁጥር 11። እግዚአብሔር ለሕዝቡ የሚያስበው የሰላም ሐሳብ መሆኑን፣ ተስፋና ፍጻሜም እንደሚሰጣቸው የሚናገረው ነው። ይህ ጥቅስ ሳይነበብ የሚያልፍ የተማሪዎች ምርቃት ያለ አይመስለኝም።

ቃሉ ያለው ደብዳቤ ውስጥ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 የባቢሎን ንጉሥ ናቡከደነፆር ንጉሡን ኢኮንያንን፣ መኳንንቱንና የእጅ ባለሙያዎቹን ከኢየሩሳሌም ማርኮ ወሰደ። ኤርምያስ የቀረው ኢየሩሳሌም ነው። ከዚያ ሆኖ ለምርኮኞቹ ደብዳቤ ጻፈ። የሚመክራቸውም ቤት እንዲሠሩ፣ አታክልት እንዲተክሉ፣ ልጆቻቸውን እንዲድሩና እንዲኩሉ፣ ለተማረኩባትም ከተማ ሰላም እንዲጸልዩ ነው። ምክንያቱንም አልሸሸገም። ቁጥር 10 ላይ 70 ዓመት ይላል። ደብዳቤው ሲነበብ የ30 ዓመት ጎልማሳ የነበረ ሰው ያን ተስፋ በዓይኑ አያየውም፤ የልጅ ልጁ ነው የሚያየው። ቁጥር 11ን ለብቻው ቆርጠን ኬክ ላይ ስናሰፍረው የሚቀረው ይህ 70 ዓመት ነው።

በዚያው ዘመን ሌላ ሰባኪ ነበረ፤ የገባዖን ሰው ሐናንያ። ታሪኩ ምዕራፍ 28 ላይ ነው። በቤተ መቅደስ፣ በካህናቱና በሕዝቡ ሁሉ ፊት ቆሞ፣ በ2 ዓመት ውስጥ ንጉሡም ንዋየ ቅድሳቱም ይመለሳሉ አለ። የባቢሎን ቀንበር መሰበሩን ለማሳየትም ኤርምያስ ለምልክት በአንገቱ ያደረገውን ቀንበር ወስዶ ሰበረው። ሐናንያ ዛሬ ቢኖር አዳራሽ አይበቃውም ነበር። የሚያስደነግጠው ግን ሐናንያ ፈጠራ አለማውራቱ ነው። ቀንበር ይሰበራል የሚለው ቃል ከ100 ዓመት በፊት በኢሳይያስ አፍ ስለ አሦር የተነገረ እውነተኛ የትንቢት ቃል ነው። ሐናንያ እውነተኛውን ቃል ለማይመለከተው ዘመን አዋለው። ኤርምያስም በመጀመሪያ አሜን፣ ያድርግልን ነው ያለው፤ ምኞቱን አልጠላበትም። ሐናንያ ግን በዚያው ዓመት ሞተ፤ 2 ዓመቱ አልፎ የተመለሰ ሰው አልነበረም።

ዐውዱን ማወቅ ግን የሰባኪውን ሥራ አይጨርስለትም። ዐውዱን ካወቀ በኋላ ሌላው ችግር ይመጣል፤ ይህን ደብዳቤ ዛሬ ለማን ነው የማነበው? በዋሽንግተን አካባቢ ባለ የሐበሻ ጉባኤ ውስጥ 20 ዓመት ኖሮ በልቡ ሻንጣውን ያላራገፈ ሰው ይኖራል። ቤት ሥሩ፣ ትከሉ፣ ለከተማይቱ ጸልዩ የሚለው ለእርሱ የተጻፈ ያህል ይሰማዋል፤ ሰባኪው በዚህ በኩል ቢሄድ አይሳሳትም። ቤይሩት ውስጥ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ፣ ፓስፖርቷ በአሠሪዋ መሳቢያ የተቆለፈባት እኅት እሑድ ለጥቂት ሰዓት ወጥታ ከኋላ ወንበር ብትቀመጥ ግን ያው ቃል ሌላ ይሆንባታል። የምትሠራው ቤት የላትም፤ የምትተክልበትም መሬት የላትም። ለእርሷ ይህን ክፍል አንሥቶ ባለሽበት ታገሺ፣ አሠሪሽን ባርኪ ብሎ ማለፍ ኤርምያስን መስበክ ነው ወይ?

አይመስለኝም። ለባቢሎን ጸልዩ ያለው ያው መጽሐፍ በምዕራፍ 50 እና 51 ባቢሎን ስለ ግፏ እንደምትጠየቅ ሁለት ረጃጅም ምዕራፎች ይናገራል። የደብዳቤውን ምክር ይዞ እነዚህን ሁለት ምዕራፎች የሚተው ሰባኪ ለበዳዩ ጠበቃ ሆኖ ይገኛል። ሁለቱን አንድ ላይ ይዞ መስበክ ከባድ ነው፤ በግማሽ ሰዓት ስብከት ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል። ቢሆንም እኅታችን የመጣችው ያን ልትሰማ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ምሳሌዎች ደግሞ የራሳቸው ጣጣ አላቸው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ያለውን የደጉን ሳምራዊ ታሪክ ውሰዱ። በሰሜን አፍሪካ የሂፖ ጳጳስ የነበረው አውግስጢኖስ ይህን ምሳሌ ሲተረጕም አንድም ነገር አላስቀረም። የወረደው ሰው አዳም ነው፤ ኢየሩሳሌም ሰማያዊት ከተማ ናት፤ ኢያሪኮ ጨረቃ ናት፣ ሟችነታችንን ታመለክታለች፤ ወንበዴዎቹ ሰይጣንና ጭፍሮቹ ናቸው፤ ሳምራዊው ክርስቶስ ነው፤ ማደሪያው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የማደሪያው ጠባቂ ሐዋርያው ጳውሎስ ነው። ከእርሱ በፊት ኦሪጀንም ካህኑን ሕግ፣ ሌዋዊውን ነቢያት ብሎ ተመሳሳይ ትርጓሜ ጽፏል።

ይህን እንደ ጥንት ሰው የዋህነት መሳቅ አይገባም። ትርጓሜው መላውን የድኅነት ታሪክ በአንድ መንገድ ላይ ያሳያል፤ ቅኔ ሲሰማ ላደገ፣ ከሰሙ ስር ወርቅ መፈለግ ለለመደ የእኛ አድማጭም ልብ ይማርካል። የአባቶቻችን የአንድምታ ትርጓሜም ለአንድ ንባብ ከአንድ በላይ ፍቺ ይሰጣል። ነገር ግን በጉባኤ ቤቱ ሥርዓት አለ። ተማሪው መጀመሪያ ንባቡን ያቀናል፤ ከዚያ ታሪኩንና ቀጥተኛ ፍቺውን ይሰማል፤ አንድም እየተባለ ሌላው የሚታከለው በዚያ ላይ ነው። ይህም ከመምህር እግር ስር ተቀምጦ ዓመታት ይፈጅበታል። ዛሬ በየመድረኩ የምንሰማው ጣጣ፣ ንባቡም ታሪኩም ተዘልሎ ከመጨረሻው አንድም ላይ መጀመሩ ነው። ያኔ ሳምራዊው ለማደሪያው ጠባቂ የሰጣቸው ሁለቱ ዲናር እንደ ሰባኪው ፍላጎት ማንኛውንም ነገር ሊሆኑ ይችላሉ፤ አሥራትና መባ ሲሆኑም ሰምተናል።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን እጅግ የሚከበረው ዮሐንስ አፈወርቅ በማቴዎስ ወንጌል ላይ በሰጠው 64ኛ ስብከቱ በምሳሌ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ቃል መመራመር እንደማይገባ፣ ምሳሌው የተነገረበትን ዓላማ ይዞ ማለፍ እንደሚበቃ ያስተምራል። ዓላማው ታዲያ የት ይገኛል? ምሳሌውን ያስነሣው ጥያቄ ውስጥ ነው። አንድ ሕግ አዋቂ ባልንጀራዬ ማን ነው ብሎ ጠይቋል፤ ግዴታው የት ላይ እንደሚያበቃ ማወቅ ፈልጓል። ጌታችን ታሪኩን ከነገረው በኋላ ጥያቄውን ገልብጦ መለሰለት፤ ለወደቀው ሰው ባልንጀራ የሆነው ማን ነው አለው።

ታሪኩ የደረሰበትን ቦታም ማወቅ ይጠቅማል። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ የሚወስደው መንገድ 27 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚህ አጭር ርቀት ውስጥ ወደ 1,000 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። በረሃ ነው፤ ገደልና ዋሻ የበዛበት፣ ለሽፍታ የተመቸ። ሳምራውያንና አይሁድ ደግሞ የቆየ ደም ነበራቸው። በገሪዛን ተራራ የነበረውን የሳምራውያን ቤተ መቅደስ ያፈረሰው የአይሁድ ገዥ ዮሐንስ ሂርቃኖስ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው መቶ ዘመን ማብቂያ አካባቢ። በዚያው በሉቃስ ወንጌል አንድ ምዕራፍ ወደ ኋላ ብትመለሱ የሳምራውያን መንደር ጌታችንን አላሳድርም ብሏል፤ ያዕቆብና ዮሐንስም እሳት ከሰማይ ወርዶ ይብላቸው ብለው ጠይቀዋል። ምሳሌው የተነገረው ይህ ከሆነ በኋላ ነው። ደግ ሳምራዊ የሚለው አጠራር ዛሬ ለእኛ የለመድነው ነው፤ የዚያን ቀን ሰሚዎች ግን ሁለቱን ቃላት አንድ ላይ ሰምተዋቸው አያውቁም።

እንግዲህ ሰባኪው ይህን ድንጋጤ ለዛሬ ሰሚው ሊያደርስ ቢፈልግ በሳምራዊው ቦታ ማንን ያስገባ? ብሔር በብሔር ላይ በተነሣሣበት፣ በብዙ ቤት የሞተ ወንድም ባለበት አገር ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ሁለት ሕዝቦችን በስም ጠርቶ ቢሰብክ ቁስል ላይ እንጨት ሰደድክ ሊባል ይችላል፤ ፖለቲካ ሰበከ የሚሉትም አይጠፉም። አጠቃላይ አድርጎ ለሁሉም ደግ ሁኑ ብሎ ቢያልፍ ደግሞ ምሳሌው የተነገረበት ቁም ነገር ይቀራል። እኔ የማደንቀው፣ ስም ሳይጠራ ሰሚው ራሱ በልቡ ስሙን እንዲጠራ የሚያደርገውን ሰባኪ ነው። ተኝታችሁ ደማችሁ ሲፈስ እንዲያነሣችሁ የማትፈልጉት ሰው ማን ነው ብሎ ጠይቆ ዝም የሚለውን። ይህ ችሎታ ይጠይቃል፤ ከችሎታውም በላይ ሰባኪው አስቀድሞ በገዛ ልቡ ያለውን ስም መጥራት አለበት።

ስለ አገር ካነሣን አንድ ጥቅስ ነክተን እንለፍ። ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር እንደምትዘረጋ የሚናገረው መዝሙር በአንዳንዱ እትም 67፣ በሌላው 68 ነው፤ ቁጥሩ 31። በነገሥታቱ ዘመን የመንግሥት መፈክር ሆኖ ኖሯል፤ በአሜሪካና በካሪቢያን ያሉ ጥቁር ክርስቲያኖችም በባርነት ዘመን ተስፋ አድርገውታል። መዝሙረኛው ኢትዮጵያ የተባለችውን የኩሽን ምድር ሲጠራ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ አገር ነው የሚያስበው፤ የዛሬው የአገራችን ወሰን ያኔ አልተሠመረም። መዝሙሩም ነገሥታትና አሕዛብ ወደ ኢየሩሳሌም መቅደስ ሲጎርፉ የሚያሳይ ነው። ሰባኪው ይህን ቢናገር አገር የነጠቀ የሚመስላቸው አሉ። ለመናገር ግን መፍራት የለበትም፤ ቤተ ክርስቲያን ቃሉን ለዘመናት የራሷ አድርጋ መጸለይዋ በዚህ አይፈርስም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ጥቅሱ ኢትዮጵያ የምታደርገውን ነው የሚናገረው። እጅ የሚዘረጋው ለማኝ ነው። ለትምክህት የምናነሣው ጥቅስ የልመና ጥቅስ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ይህን ሁሉ ለማድረግ ሰባኪው ጊዜ ያስፈልገዋል፤ ጊዜ ደግሞ የለውም። ብዙዎቹ በሳምንቱ ቀናት ሌላ ሥራ የሚሠሩ ናቸው፤ መጽሐፍ ውድ ነው፤ በአማርኛ የተዘጋጀው ማብራሪያም ጥቂት ነው። ቢሆንም ሸክሙን የሚያቀሉ አሮጌ ልማዶች አሉ። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ግጻዌ የዕለቱን ምስባክ፣ መልእክታቱንና ወንጌሉን ወስኖ ያስቀምጣል። ሰባኪው ጥቅስ አይመርጥም፤ ጥቅሱ ነው እርሱን የሚመርጠው። ደስ የማይለውም ክፍል ተራው ሲደርስ ይነበባል። ዮሐንስ አፈወርቅም የሚሰብከው መጽሐፉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተከትሎ ነበር፤ በማቴዎስ ወንጌል 90፣ በዮሐንስ ወንጌል 88፣ በዕብራውያን መልእክት 34 ስብከቶቹ ዛሬም አሉ። እንዲህ የሚሰብክ ሰው ኢዮብ 8 ላይ ሲደርስ ከምዕራፍ 7 ነው የመጣው፤ በልዳዶስን ሳያየው ሊያልፍ አይችልም። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናትም አንድን መጽሐፍ ይዘው ለወራት በተከታታይ የሚያስተምሩ አሉ፤ ይህ ልማድ ቢሰፋ መልካም ነው እላለሁ። ርእሱን አስቀድሞ ወስኖ ጥቅስ ከሚያፈላልግለት ስብከት ይልቅ የሚያሳስትበት አጋጣሚ ያንሳል።

አድማጮቻችን፣ የቀረው የእናንተ ድርሻ ነው። ሰባኪው የለመደውን የሚደግመው እኛ የለመድነውን ስንሰማ አሜን ስለምንል፣ አዲስ ነገር ሲናገር ደግሞ ዝም ስለምንል ነው። በመጪው እሑድ ጥቅስ ሲነበብላችሁ ቁጥሩን ጻፉና ቤት ስትገቡ ከፊቱና ከኋላው ያለውን አንድ አንድ ምዕራፍ አንብቡ። ጥያቄ ከተነሣባችሁ ሰባኪውን ወይም የንስሐ አባታችሁን ለብቻው አግኝታችሁ፣ በአክብሮት ጠይቁት። በሰው ፊት አታፋጡት፤ ብዙዎቹ እንዲህ ያለ ጠያቂ በማግኘታቸው ደስ ይላቸዋል። ለሚቀጥለው ዝግጅታችን ሮሜ ምዕራፍ 4ን እና የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 2ን አንብባችሁ ጠብቁን። ሁለቱም አብርሃምን ያነሣሉ፣ ሁለቱም ዘፍጥረት 15፥6ን ይጠቅሳሉ፤ ጳውሎስና ያዕቆብ ከአንዱ ጥቅስ ተነሥተው ለምን በተለያየ መንገድ እንደሄዱ እንነጋገራለን።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)